አሮጌውን ልብስ ማጠቢያ ማሠራት ወይስ መቀየር? ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች

ሐምሌ ላይ ደሴ ውስጥ ጋቢ ያጠበ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ይውላል። ፀሐይ ብቅ ትልና ወዲያው ትመለሳለች። ጋቢው ገመድ ላይ ሦስት ቀን ይሰነብታል። ዳር ዳሩ ይደርቅና መሀሉ እርጥብ ይቀራል፤ ከዚያ መሽተት ይጀምራል።

እናቴ ቤት ያለው አሮጌ ማሽን ማጓራት የጀመረው በዚህ ወቅት ነው። ሲያጥብ ደህና ነው። መጭመቅ ሲጀምር ግን የሐረጎን ዳገት የሚወጣ የተጫነ መኪና ይመስላል። ወንድሜ «ጣሉትና አዲስ ይገዛ» አለ። እናቴ ደግሞ «አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለኝን ዕቃ እንዴት ተደርጎ!» አለች። ሁለቱንም ለማስማማት ብዬ ከጠጋኝ ጠጋኝ፣ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። ከዚያ የተረዳሁትን ነው የምጽፍላችሁ።

የማሽን ዕድሜ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። የሃያ ዓመት ማሽን በአንድ ትንሽ ዕቃ ይነሳል፤ የአምስት ዓመቱ ደግሞ አልነሳም ብሎ ይቀራል። ውሳኔው የሚያርፈው ሦስት ነገር ላይ ነው፦ የተበላሸው ምንድን ነው? ቤታችሁ ውሃ እንዴት ይመጣል? መብራቱስ እንዴት ነው? ለደሴ ሰው አራተኛም እጨምራለሁ፦ ማሽኑ መጭመቅ ይችላል ወይ? ማጠቡንማ እጅም ያጥባል። ክረምት ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ አጥብቆ የሚጨምቅ እጅ ግን የለም።

መጀመሪያ ድምፁን ስሙ

ከፊት የሚከፈት ማሽን ካላችሁ ባዶ አድርጉትና ከሶኬት ንቀሉት። ልብሱ የሚገባበትን ድራም በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ጤነኛ ድራም ዝም ብሎ ይዞራል። አሸዋ የገባበት ይመስል ከተንኮሻኮሸ ድራሙ የሚዞርበት ኩሽኔታ እያለቀ ነው። ቀጥሎ የድራሙን የላይኛውን ከንፈር ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁ። ድራሙና የውጪው ገንዳ አብረው ከተነቃነቁ አትደንግጡ፤ በሞላ ስለተንጠለጠሉ ነው። ድራሙ ለብቻው ኳ ኳ ካለ ግን ኩሽኔታው ላልቷል ማለት ነው።

የእናቴ ማሽን ኳ ኳ አለ። ከግድግዳው ጎትተን ጀርባውን ስናይ ከመሀል ወደ ታች የወረደ ቡናማ የዝገት መስመር ነበረው። ጠጋኙ ጣቱን መስመሩ ላይ አስኬደና «እማማ፣ ይሄ መጀመሪያ ያለቀው ጎማው ነው» አላት። ትክክል ነው። ኩሽኔታውን ከውሃ የሚጠብቅ ኦይል ሲል የሚባል ጎማ አለ። እሱ ሲያልቅ ሳሙና ያለበት ውሃ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል፣ ቅባቱን ያጥበዋል፣ ብረቱ ይዝጋል። ስለዚህ ኩሽኔታውን ብቻ ቀይሮ ጎማውን የሚተው ጠጋኝ ገንዘባችሁን እያጠፋ ነው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ድምፁ ይመለሳል።

ኩሽኔታ ራሱ ለማግኘት አያስቸግርም። ቀለበቱ ላይ 6204፣ 6205፣ 6206 የሚል ዓይነት ቁጥር ተጽፎበታል። ቁጥሩን ይዛችሁ የመኪና ኩሽኔታ የሚሸጥበት ሱቅ ሂዱ፤ የማሽኑን ስም መጥራት እንኳ አያስፈልግም። የሚያስቸግረው ጎማው ነው፤ አሮጌውን አውጥቶ ልኩን እያነጻጸሩ መፈለግ ይጠይቃል። ከዕቃው ይልቅ ደግሞ ጉልበቱ ይከብዳል። ማሽኑ እስከ መጨረሻው ይፈታል።

እዚህ ላይ ሳይፈታ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ። የውጪው ገንዳ በብሎን የተገጠመ ነው ወይስ ተበይዶ የተዘጋ? በአሮጌ ማሽኖች ብዙ ጊዜ በብሎን ነው፤ ይከፈታል፣ ይሠራል፣ ይዘጋል። በብዙ አዳዲሶች ፕላስቲኩ ተበይዶ የተዘጋ ነው። እሱን በመጋዝ ከፍቶ መልሶ ማጣበቅ ይቻላል፤ ግን እንዳያፈስ ማድረግ ከባድ ነው። የእኔ ምክር እንዲህ ነው፦ በብሎን ከሆነ አሠሩት፤ የተበየደ ከሆነ ተዉት።

ድራሙ ጭራሽ አልዞር ሲል ብዙዎቻችን «ሞተሩ ተቃጠለ» እንላለን። ለእኛም አንድ ጠጋኝ ከዓመታት በፊት እንዲሁ ነግሮን ነበር። ሁለተኛው መጣና ከሞተሩ ጎን ሁለት ጥፍር የሚያህሉ ጥቋቁር ካርቦኖች አወጣ። አልቀው ጫፋቸው ብቻ ቀርቷል። በአዲስ ቀየራቸው፤ ማሽኑ ተነሳ። ካርቦን ያላቸው ሞተሮች ይህ ችግር የማይቀርላቸው ነው፤ ጥገናው ግን ከሁሉም ቀላል ነው። ስለዚህ ሞተር ግዙ ስትባሉ «ካርቦኑን አይተኸዋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሞተሩ «እምምም» እያለ የማይዞር ከሆነ፣ በእጅ ሲገፉት ደግሞ የሚነሳ ከሆነ፣ ችግሩ ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ነው። ይህ በተለይ ማጠቢያውና መጭመቂያው ለየብቻ የሆኑት የባለሁለት ገንዳ ማሽኖች በሽታ ነው። ካፓሲተሩ ላይ ስንት ማይክሮፋራድ እንደሆነና ስንት ቮልት እንደሚችል ተጽፏል። ማይክሮፋራዱ ያው መሆን አለበት፤ ቮልቱ ከቀድሞው ማነስ የለበትም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተር ኮረንቲ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ልምድ የሌለው ሰው አይንካው።

ሞተሩ እየዞረ ድራሙ ከቆመ፣ ጎማ ጎማ ከሸተተ፣ ሞተሩን ከድራሙ የሚያገናኘው ቺንጋ ላልቷል ወይም ተበጥሷል። ቁጥሩ ጎኑ ላይ አለ። ይቀየራል፣ አለቀ።

የማይጠገኑ የሚመስሉ ግን ብልሽት ያልሆኑ

ማሽን ቤት ውስጥ «ሲራመድ» ያያችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የእኛ አንድ ጊዜ ሲጨምቅ ተራምዶ በሩን ዘግቶብናል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የወለሉ ነው። በረንዳ ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ዘንበል ተደርጎ ይሠራል፤ ማሽኑ ደግሞ እዚያው ላይ ይቀመጣል። አራቱን እግሮች እያዞራችሁ አስተካክሉ። ሳህን ውሃ ሞልታችሁ አናቱ ላይ አስቀምጡ፤ ውሃው ወዴት እንዳደላ ይነግራችኋል። ሌላው ምክንያት ጭነቱ ነው። አንድ ጋቢ ብቻውን ገብቶ ውሃ ሲጠጣ እንደ ኳስ ይጠቀለልና ወደ አንድ ጎን ይከብዳል። ሁለት ፎጣ ጨምሩበት፣ ይመጣጠናል።

«ውሃ ይቀዳል፣ ይደፋል፣ ይቀዳል፣ ይደፋል፤ አይሞላም» የሚል ስሞታም በጣም ይሰማል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ጠጋኝ ከመጥራታችሁ በፊት የማስወገጃ ጎማውን ተመልከቱ። መሬት ላይ ከተጣለ ውሃው በራሱ እየተሳበ ይወጣል። የጎማው ጫፍ ከመሬት ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መታሰር አለበት። ያው ብቻ ነው። የባለሁለት ገንዳው ግን ተቃራኒ ነው፤ አብዛኛው ፓምፕ ስለሌለው ጎማው ዝቅ ካላለ አይደፋም።

አልጨምቅ ካለና በመስኮቱ አረፋ ብቻ የሚታይ ከሆነ፣ የእጅ ማጠቢያ ኦሞ አብዝታችኋል። እንዶድ የሚወድ ቤትም ይህን ያውቃል። ነጠላ በእንዶድ ሲታጠብ ያምራል፤ ማሽን ውስጥ ግን አረፋው ይበዛል፣ ፍሬው በደንብ ካልተጣራም ፓምፑን ይዘጋል። ፓምፑ የተዘጋ ከመሰላችሁ ከፊት ከታች ትንሽ ክዳን አለች። ጨርቅ አንጥፋችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቷት። ከእኛ ማሽን ሦስት ሳንቲም፣ አንድ የፀጉር ሽቦና የአባቴ የሸሚዝ ቁልፍ ወጥቷል።

አሁን ደግሞ ሊታለፍ የማይገባው። ማሽኑ ሲነካ የሚነዝር ከሆነ እዚያው አቁሙ። «ትንሽ ትንሽ ነው የሚነዝረው» እየተባለ የሚታለፍበት ቤት አውቃለሁ፤ እባካችሁ አትለፉት። እርጥብ ወለል ላይ ባዶ እግር የቆመ ሰው ነው የሚነካው። የቤቱን የመሬት ሽቦ ኤሌክትሪሻን ይይላችሁ። ብዙ ቤት ሽቦው የለም፤ ካለም ሶኬቱ ላይ አልተገናኘም።

ውሃውና መብራቱ

ከፊት የሚከፈት አውቶማቲክ ውሃ በግፊት ይፈልጋል። አብዛኛው ቢያንስ ግማሽ ባር ይላል። ሮቶ በአንድ ሜትር ከፍታ 0.1 ባር ይሰጣል። ስለዚህ ግማሽ ባር ለማግኘት ሮቶው ከማሽኑ 5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ሁለት ሜትር ብረት ላይ የተቀመጠ ሮቶ 0.2 ባር ብቻ ነው። አዳዲሶቹ ማሽኖች በዚህ ጊዜ ጠብቀው ጠብቀው የስህተት ቁጥር ያወጡና ይቆማሉ።

አሮጌው የሚያሸንፍበት ቦታ ይሄ ነው። በሚሽከረከር ቁልፍ የሚሠራው አሮጌ ማሽን ትዕግሥት አለው። ውሃው ቢዘገይም እስኪሞላ ይጠብቃል። እናቴ ውሃ በፈረቃ በማይመጣበት ቀን በጆግ ከበርሜል እየቀዳች በሳሙና ማስቀመጫው በኩል ታፈስለታለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እያለች። ልኩ ሲደርስ ማሽኑ «ጠቅ» ይላል። ያን ጊዜ ጆጉን ታስቀምጥና ቡናዋን ትቆላለች።

መብራት ሲሄድም እንደዚሁ። ባለቁልፉ ማሽን ቁልፉ የቆመበት ቦታ ይቆማል፤ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ከዘመናዊዎቹ የሚያስታውሱ አሉ፤ ከመጀመሪያው የሚጀምሩም አሉ። ስትገዙ ይህን ጠይቁ። በማንኛውም ማሽን ግን መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ። መብራት ሲመለስ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የማሽኑን መቆጣጠሪያ ቦርድ የሚያቃጥለው ያ ነው። በሩ ተቆልፎ ቢቀር አትታገሉት። የብዙዎቹ ቁልፍ ኮረንቲ ከተቋረጠ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ይለቃል። ውስጡ ውሃ ካለ ግን መጀመሪያ ከታች ባለችው ክዳን በኩል አስወግዱት።

ኃይሉንም አስቡ። ከፊት የሚከፈተው ውሃ ሲያሞቅ 2,000 ዋት ገደማ ይወስዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲበሩ ብሬከሩ ቢወርድ አይግረማችሁ። በቀዝቃዛ ውሃ ስታጥቡ ማሞቂያው ስለማይበራ ጭነቱ ወደ ጥቂት መቶ ዋት ይወርዳል። ባለሁለት ገንዳው ማሞቂያ ስለሌለው ከ300 እስከ 500 ዋት አካባቢ ነው። ስታብላይዘር የምትገዙ ከሆነ ይህ ልዩነት ዋጋው ላይ በደንብ ይታያል።

ታዲያ የቱ ይሻላል?

የተበላሸው ካርቦን፣ ካፓሲተር፣ ቺንጋ፣ ፓምፕ ወይም የበር ጎማ ከሆነ አሮጌውን አሠሩ። አታመንቱ። ኩሽኔታ ከሆነና ገንዳው በብሎን ከተገጠመም አሠሩ። ቦርድ ከሆነ ግን ቆም በሉ። ለአሮጌ ማሽን ቦርድ ብዙ ጊዜ ከሌላ ከተበላሸ ማሽን የተነቀለ ነው የሚመጣው፤ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ማንም ዋስትና አይሰጣችሁም። እኛ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ዕቃ ለሌላ መሣሪያ ገዝተን በሳምንቱ ተቃጠለ፤ ሻጩም አልመልስም አለ። የእኔ መለኪያ ይሄ ነው፦ የጥገናው ሒሳብ ደህና ያገለገለ ባለሁለት ገንዳ ከሚገዛበት ዋጋ ግማሹን ካለፈ፣ አቆማለሁ።

ባለሁለት ገንዳው፣ ሰሚ አውቶማቲክ የምንለው፣ ለብዙ የወሎ ቤት የሚስማማ ይመስለኛል። ግፊት አይፈልግም፤ በባልዲ ይሞላል። አንዴ የሞላችሁትን የሳሙና ውሃ ደጋግማችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። መጀመሪያ ነጩ፣ ቀጥሎ ባለቀለሙ፣ ከዚያ የልጆች የመጫወቻ ልብስ፤ በመጨረሻም ያው ውሃ በረንዳ ያጥባል። ጥለቱ ቀለም የሚለቅ ነጠላ ካላችሁ ግን ለብቻው ይሁን። መጭመቂያው ትንሽ ቢሆንም በደቂቃ 1,300 ዙር አካባቢ ይዞራል። ከብዙ አሮጌ አውቶማቲክ ይበልጣል። በክረምት ደሴ ላይ ይህ ብቻውን ዋጋውን ያወጣል።

ጋቢ ስታስገቡበት ግን እንደመጣ አትጠቅጥቁት። እንደ እባብ ዙሪያውን ግድግዳውን አስይዛችሁ ጠቅልሉት፤ መሀሉ ባዶ ይቅር። ከላይ ከማሽኑ ጋር የሚመጣውን የፕላስቲክ ክዳን ጫኑበት። ሲጀምር ከተንገጫገጨ አቁማችሁ እንደገና አስተካክሉ። ቡልኮ የሚባለውን ከባዱን ግን ተዉት፤ መጭመቂያው አይችለውም።

ድካሙንም ልንገራችሁ። ሰው አጠገቡ መቆም አለበት። ልብሱን ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው የምታሸጋግሩት እናንተ ናችሁ። ወገባቸውን ለሚያማቸው እናቶች ይህ ቀላል አይደለም። ሌላው የፍሬኑ ነገር ነው። ክዳኑ ሲከፈት መጭመቂያው በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ መቆም አለበት። የማይቆም ከሆነ የፍሬኑ ገመድ ላልቷል ወይም ሸራው አልቋል። ሳይሠራ አትጠቀሙበት፤ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት። እየዞረ እጅ የገባበት እንደሆነ እጅ ይሰብራል። ታቹም ክፍት ስለሆነ አይጥ ይገባል። ሽቦ ይበላል። ወንፊት ቁረጡና ከሥር አልብሱት።

ያገለገለ አውቶማቲክ ከአዲስ አበባ አስመጡ የሚሏችሁ አሉ። ዋጋው ይማርካል። ግን መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፊት የሚከፈት ማሽን ሲጓዝ ድራሙን ከኋላ የሚይዙ ሦስት ወይም አራት ረጃጅም ብሎኖች አሉት። ብሎኖቹ ሳይታሰሩ የተጫነ ማሽን ኮምቦልቻ ሲደርስ ንዝረቱን የሚያበርደው አሞርዛተር ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ሻጩን «የመጓጓዣ ብሎኖቹ አሉ?» በሉት። ከሌሉ ድራሙን በስፖንጅና በጨርቅ ዙሪያውን አስይዙ፤ ማሽኑም ቆሞ ይጫን። ቤት ሲደርስ ደግሞ ብሎኖቹን ማውጣት አትርሱ። ታስረው ሥራ ከጀመረ ቤቱን ያናውጠዋል።

ያገለገለ ስትገዙ በባዶ ሲዞር አይታችሁ አትመኑ። እርጥብ ፎጣ ይግባበት፣ ውሃ ይሞላ፣ ይድፋ፣ እስከ መጨረሻው ይጨምቅ። «ውሃ የለም» ካሏችሁ በጀሪካን ይዛችሁ ሂዱ። ኩሽኔታ በደንብ የሚናገረው ሲጨምቅ ነው።

አዲስ ፉል አውቶማቲክ፣ ግፊት ያለው ውሃና ደህና ስታብላይዘር ላለው ቤት፣ ጥሩ ነው። ከአሮጌዎቹ ያነሰ ውሃ ይጠቀማል፤ አሮጌው ከ60 እስከ 100 ሊትር ሲወስድ አዲሱ 50 አካባቢ ይበቃዋል። ከላይ የሚከፈተው አውቶማቲክ ግን ውሃ ይወዳል፤ ከ100 ሊትር ያልፋል። በፈረቃ ለሚኖር ሰፈር እሱን አልመክርም።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ነገራችሁ ይለያል። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። እህቴ እዚያ ጠዋት የሰቀለችውን ከሰዓት ታነሳለች። የእሷ ባለሁለት ገንዳ መጭመቂያው ከቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አልቸገራትም። በማጠቢያው በኩል ብቻ ትጠቀማለች። እናቴ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የምትፈልገው። ማጠቢያው ቢበላሽ በእጇ ታጥባለች፤ መጭመቂያው ካለ ይበቃታል። ያውም አሮጌ አውቶማቲክን ለመጭመቂያ ብቻ መጠቀም ይቻላል። ቁልፉን የመጨረሻው መጭመቂያ ላይ አዙሩት፣ በእጅ የታጠበውን አስገቡ። ውሃ አይቀዳም፣ ማሞቂያ አይበራም። ማሽኑ ማጠብ እያቃተው ድራሙ ግን ደህና ከሆነ፣ እንዲህ አድርጎ ጥቂት ዓመት ማቆየት ያዋጣል።

የእኛ ገንዳ በብሎን የተገጠመ ሆኖ ተገኘ። ኩሽኔታዎቹም ጎማውም ተቀየሩ። ጎማውን ለማግኘት አሥራ አንድ ቀን ፈጀ፤ በመጨረሻ ልኩ የተገኘው ኮምቦልቻ አንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ነው። ጠጋኙ ገጣጥሞ ሲጨርስ እናቴ የመጀመሪያውን ጋቢ ከሁለት ፎጣ ጋር አስገባች። ሲጨምቅ አጠገቡ ቆማ አዳመጠች። «ልጄ፣ ጠፋ እንዴ?» አለችው። «አይ እማማ፣ እየሠራ ነው» አላት።